ጥቁር ካሬ

በወረቀቷ ላይ፣ ከታች ሁለተኛው መስመር፣
አንድ ጥቁር ካሬ አለ፤ እኔ ነኝ፣ ይመር።
ወንድ በካሬ ነው፣ ሴት በክብ ይሳላል፤
እብጠት ያለበት ግን በቀለም ይሞላል።
ነጯ ክብ እህቴ፣ አንሻ፣ ከሁሉም ያመለጠች፤
ጥቁሯ አያታችን፣
ፊቷን ሸፍና ኖራ፣ ሸፍና የሞተች።

ጦሳን ጉም በዋጠው፣ በሐምሌ ጨለማ፣
ሰኞ ገበያ ላይ ሳሙና ስሸጥ፣ ተጠቅልዬ በሸማ፣
አንዲት ሴት ቆመችና አንዱን አነሳች፤
ሳሙናውን ትታ ክንዴን አስተዋለች።
የለመድኩት ዓይን አይቶ ይሸሻል፤
የሷ ቆሞ ቀረ፤ ከንፈሯ ይቆጥራል።
"ስንት ነው?" አለችኝ። "ሳሙናው?" "ነጠብጣቡ።"
እንኳን ሊቆጥሩልኝ፣ ሰዎች መች ቀረቡ!

ለእብጠቴ ምክንያት ሰፈሩ አላነሰው፦
እርጉዝ ሳለች እናቴ በቀትር ወንዝ መሻገሯ ነው፤
ቁምጥና ነው ብሎ ቦሩ ሜዳ ያደረሰኝን አጎቴን ሐኪም ነው የመለሰው።
ጦይባ ግን ካርቶን ላይ ቁጭ አለች፣ ከሳሙናዬ መሀል፤
"ገላህ ውስጥ" አለችኝ፣ "አንድ ረጅም ቃል አለ፤ አንድ ፊደል ይጎድለዋል።
ያ ቃል ፍሬን ነበር፣ 'በቃ' የሚለው ለነርቭህ ዕድገት፤
ሐረጎን ሲወርድ ፍሬን የከዳውን ኢሱዙ አስብበት፤
ሾፌሩም ደህና ሰው፣ መንገዱም ያው መንገድ፤
ማቆም ብቻ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያ መውረድ።"
ጨርሶ አልገባኝም። ግን ማንንም አልከሰሰችም፤
እናቴን አልነካች፣ ወንዙን አልነካችም።

እንደ ጋብቻ ሽማግሌ ሰባት ቤት አስቆጠረች፤
ከሐይቅ እስከ ኩታበር ደጅ ለደጅ ደረሰች።
ይመር የሙሄ ልጅ፣ ሙሄ የወልዴ፣ ወልዴ የእንድሪስ፤
አንዱ ሲጾም አንዱ ሲፈስክ፣ አንዱ ሲሰግድ አንዱ ሲያስቀድስ፣
እብጠቱ ሁሉንም ቤት ሳይጠይቅ ገባ፤
ካርታዋም እንደሱ፤ መስጊድና ደብሩን በአንድ መስመር አግባባ።

ሃያ ሁለት ዓመት። ከኮሌጁ ጀርባ፣ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት፣
እኔ ቁልፍ ያዥ ሆንኩ፤ የሷ ፀጉር ሸበተባት።
ማቀዝቀዣ ነበረን፤ ሰማንያ ከዜሮ በታች፤
"የደላንታ ሌሊት ከዚህ ይሞቃል" እያለች ትቀልድ ነበረች።
ለገንዘብ ስትጽፍ ሦስቴ መለሱላት፤ "ናሙናው አነሰ"፤
በአራተኛው ላይ ናሙናው አራት መቶ አሥራ ሁለት ደረሰ።

ከዚያ ያ ኅዳር መጣ።
ስንመለስ በሩ ተገንጥሏል፣ ሽቦው ተቆርጧል፤
አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ወለሉ ላይ ቀልጧል።
እኔም ውስጡ አለሁ፤ የሟቹ አባቴም ደም፤
ረግጠነው ገባን፤ ሌላ መንገድ የለም።
ጦይባ አላለቀሰችም። "መወልወያ አምጣ" አለች።
ወልውላ ስትጨርስ፣ ጨምቃ ስትሰቅል፣
ያን ጊዜ ተቀመጠች።

ካርታው ብቻ ተረፈ፤ አንሻ ጎታ ውስጥ፣ ከማሽላው ሥር፤
ነቀዝ ጠርዙን በልቶታል፤ ሰዉ ግን በሙሉ ነበር።
ዘረጋችው። ጣቷ ወረደ፣ ወረደ፣ እኔ ጋ ቆሞ ቀረ፤
"እጅጌህን ሰብስብ።"
ቁጥር አንድ ተጀመረ።

መድኃኒት አገኘሽ ወይ ሲሏት፣ "የለኝም" ትላለች፤
ከኛ ቤት የጠፋችውን ፊደል ግን በጣቷ ታሳያለች።

ከኔ ሥር አንድ ክብ አለች፤ ሉባባ፣ ሦስት ዓመቷ፤
በእርሳስ የተሰመረች፤ ባዶ ነው ውስጧ።
ስድስት ነጠብጣብ ይበቃል ይላል ደንቡ።
ትናንት ማታ ሳጥባት፣ በአረፋው መሀል ሆዷን እየዳሰሰች፣
"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት" ብላ፣
ስድስትን አታውቅምና
እንደገና ከአንድ ጀመረች።